መቀባትና መጥረግ

በአርሲዋ ዴራ ከጎረቤት ጎረቤት የማይዞር ዕቃ የለም። ወንፊቱ ይሄዳል፣ ሙቀጫው ይሄዳል፣ የድግስ ድስት ከነክዳኑ ወጥቶ ሳምንት ያድራል፤ ለቅሶ ቤት የሄደ ፔርሙስ የሌላ ፔርሙስ ክዳን ደፍቶ ይመለሳል። ሕፃን ልጅ ሳይቀር «ገበያ ደርሼ እስክመጣ» ተብሎ ለጎረቤት ይሰጣል። ማሰሻ ግን አይዋስም። «እባክሽ ማሰሻሽን አውሺኝ» ብላ ደጅ የቆመች ሴት እስካሁን አላየሁም። ብትመጣም፣ ባለቤቲቱ ከማዋስ ይልቅ እንጀራውን ጋግራ ብትሰጣት ይቀላታል።

ለማያውቀው ሰው ማሰሻ ቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ቀድሞ መጣል ያለበት ነው። የአሮጌ ነጠላ ወይም የከነቴራ ቁራጭ ነው፤ በተወቀጠ ጎመን ዘር ታሽቶ፣ ምጣድ ለምጣድ ሲሽከረከር ጠቁሮ፣ ቀለሙም ዕድሜውም ከማይለይበት ደረጃ ደርሷል። አዲስ ሙሽራ አማቷን ደስ ላሰኝ ብላ ጓዳውን ስታጸዳ ከጥራጊው ጋር ደፍታው ከሆነ፣ ነገሩ ለሽማግሌ ባይደርስም ለእናቷ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። አማቲቱ «ምንም አይደል ልጄ፣ ጨርቅ ነው» ትላለች። በዚያ ሳምንት የተጋገረው እንጀራ እየተቦጨቀ ሲወጣ ግን ጨርቅ ነው የሚል ሰው አይገኝም።

ምክንያቱም ጨርቁ ብቻ አይደለም። ከሸክላ ሠሪዋ የተገዛ አዲስ ምጣድ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ሊጥ ብታፈሱበት ይጠጣዋል እንጂ አይመልስላችሁም። ስለዚህ ይሟሻል። ይጋላል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ ይታሻል፣ ይጨሳል፣ ይጠረጋል፤ ደግሞ ይነሰነሳል፣ ደግሞ ይጠረጋል። ዘይቱ በእሳቱ ኃይል ይጠነክርና የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ምጣዱም እየጠቆረና እየለሰለሰ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጋገረው የመጀመሪያው እንጀራ ለሰው አይቀርብም። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ አሠራር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞከርበት ምስኪን ሠራተኛ «የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ» ብሎ የሚያለቃቅሰው የዚህን እንጀራ ዕጣ አይቶ ነው።

ከተሟሸም በኋላ በየእንጀራው መሐል ማሰሻው አንድ ዙር መዞር አለበት። አንድ ዙር ስል ተራ ነገር ይመስላል፤ የሙያው ክርክር በሙሉ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ቅባቱ ካነሰ እንጀራው ይጣበቃል፤ በሰፌድ ቢገፉት ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ሊጡ ምጣዱን ሳይዝ ይንሸራተታል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ እንጀራውም ዘይት ዘይት ይላል። ዙሩ አልቆ ጢሱ ሳይበርድ ሊጡ ከፈሰሰም አያምርም። «ሲበዛ ማር ይመራል» የሚለው ተረት ማር ቆራጭ የተናገረው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አሁን እንጀራ ጋጋሪ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ።

እናቴ ስለዚህ ሙያ ስትጠየቅ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቀባትማ ማን ያቅተዋል? መጥረጉ ነው።» ነገሩን በጥሞና ካሰባችሁት ማሰሻ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚቀባውና የሚጠርገው ያው አንድ ጨርቅ ነው። በአንድ ዙር ይሰጣል፣ በዚያው ዙር ይወስዳል። ምጣዱ ላይ የሚቀረው ዓይን የማያየው፣ ሊጥ ብቻ የሚያውቀው ነው።

የዴራ ሰው ስለ ቅባት ልክ ብዙ እንዲያስብ ያደረገው አገሩ ራሱ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ የምትወጡ ከሆነ ዴራ ገና ከቆላው ሳትወጡ የምታገኟት ከተማ ናት፤ ሸሚዝ ይበቃል። ኢተያ ላይ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ላይ ያለችው አሰላ ስትደርሱ ጃኬት፤ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለችው በቆጂ ስትገቡ ጋቢ። የመንገዱ ርዝመት ብዙ አይደለም፤ ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለሰው አራት ዓይነት ልብስ ነው፤ ለቅባት ግን አራት ዓይነት ጠባይ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል። በቆጂ ላይ በቢላ የተቆረጠውን ቅቤ በፌስታል ጠቅልላችሁ በአባዱላ ሚኒባስ መስኮት ሥር፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ዴራ ከወረዳችሁ የምትደርሱት ከቅቤው ኋላ ነው። በቆጂ ያደገ ሁሉ ሩጫ ያውቃል፤ ደራርቱና ቀነኒሳ ብቻ አይደሉም፣ ቅቤውም ይሮጣል። በሹፌሩና በባለ ቅቤዋ መካከል የሚነሳው ጠብ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እሱ «ወንበሬን አበላሸሽው» ይላል፣ እሷ «ወንበርህ ቅቤዬን ጠጣው» ትላለች።

የሞተር ዘይት ፋብሪካዎች ይህን የዴራና የበቆጂ ጠብ ከተረዱት ቆይተዋል። ጣሳው ላይ 15ደብሊው40 ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው፤ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። ቅቤ ይህን የመሰለ ቁጥር ቢኖረው ኖሮ ስንት ወንበር ይተርፍ ነበር።

መጥረግን አለማወቅ ምን እንደሚያመጣ ማየት የሚፈልግ ደግሞ በስንዴ አጨዳ ሰሞን ወደ ዶዶታና ኢተያ ማሳዎች ይምጣ። አርሲ የስንዴ አገር ነው፤ በ1960ዎቹ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ ካዱ የሚለው፣ ከስዊድኖች ጋር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ካስለመደ ወዲህ ማሳው ሰፍቶ ማጭድ አልበቃ ብሎታል። ኮምባይነር ይመጣል። ኮምባይነሩን ጠዋት ጠዋት ግራሶ የሚያጠጣው ረዳቱ ነው፤ ሹፌሩ ተነሥቶ ቁርስ እስኪበላ እሱ ማሽኑ ሆድ ሥር ነው። ጀማሪ ረዳት በደንብ ያስታውቃል፤ ግራሶው ከየመገጣጠሚያው ተርፎ ይንጠለጠላል። ሥራውን የወደደ መስሎታል። ከሰዓት በኋላ የስንዴው ገለባና አቧራ በተረፈው ግራሶ ላይ ተለጥፎ ድፍድፍ ይሆናል፤ መፍጨት የማይገባውን ብረት ይፈጫል። ሹፌሩ ወርዶ አንዴ ያየዋል፣ አንዴ ማሽኑን ያያል፣ ከዚያ «ወንድሜ፣ አንተ ግራሶ አትቆጥብም፤ ጨርቅ ነው የምትቆጥበው» ይለዋል። እናቴ ኮምባይነር ነድታ አታውቅም፤ ይህን ስነግራት ግን አልገረማትም።

አሁን ይህን ሁሉ ያስወራኝ ሰው ጋ ልድረስ። የአክስቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው፤ ኑሮው ደህና ነው፣ ልክፍቱ አደን ነው። እዚያ አገር ሰው ለራሱ የሚተኩሰውን ጥይት ቤቱ ተቀምጦ ራሱ ቢሞላ የሚከለክለው የለም። እኛ ዘንድ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ ጉዳዩን ጓዳ ውስጥ መሞከር ቀርቶ ጮክ ብሎ ማውራትም ያስፈራል። ስለዚህ አንድ እሑድ በቴሌግራም ቪዲዮ ደውሎ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን የነሐስ ቀለህ ሲያሳየን እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው መስኮቱን መዝጋት ነበር።

«ጦርነት አለ እንዴ እዚያ፣ ልጄ?»

«ኧረ የለም፣ እቴቴ። አጋዘን ላድን ነው።»

«ሱቅ ጥይት የለም?»

«አለ። በራስ እጅ ሲሞላ ግን ለጠመንጃዬ ልክ ይሆናል።»

እናቴ በዚህ አልተከራከረችም። እሷም ሱቅ እንጀራ እያለ በራሷ እጅ ትጋግራለች።

የልጁ ችግር ይህ ነው። የተተኮሰ ቀለህ በባሩዱ ኃይል ይሰፋል። እንደገና ሊሞላ ሲል ወደ ልኩ መመለስ አለበት፤ ለዚህም ውስጡ ጠባብ በሆነ የብረት ማስተካከያ ውስጥ በማንሻ እየተጫኑ ያስገቡታል። ነሐስ ከብረት ጋር እንዲህ ተጣብቆ ሲተሻሽ ቅባት ከሌለው ይነክሳል፤ ከዚያ ወዲያ ወደፊትም የለም ወደኋላም የለም። ማንሻውን በጉልበት ሲስቡት የቀለሁ ጠርዝ ይገነጠላል፣ ቀለሁ እዚያው ይቀራል። ለማውጣት ቂጡን በመሰርሰሪያ መብሳት፣ ጥርስ ማውጣት፣ በብሎን ጎትቶ መንቀል ነው። የአክስቴ ልጅ የደወለልን ብሎኑን እየፈለገ ነበር።

ገበያው ላይ ያለው የቅባት ዓይነት እንደ ጉድ ነው አለን። እንደ ሰም ያለ በቆርቆሮ የሚሸጥ አለ፤ በጣት ጫፍ ትንሽ ተነክቶ ቀለሁ ላይ ይታሻል። ፈሳሹ ስፖንጅ ላይ ይፈስና ቀለሁ በላዩ ይንከባለላል። የሚነፋም አለ፤ ከበግ ፀጉር የሚወጣውን ስብ፣ ላኖሊን የሚሉትን፣ በአልኮል አቅጥነው በጠርሙስ ያዘጋጁታል፤ ቀለሁን ፌስታል ውስጥ ጨምሮ መንፋትና ማንከባለል ነው።

«ከበግ?» አለች እናቴ።

«ከበግ፣ እቴቴ።»

«አርሲን የሚያህል የበግ አገር ለቀህ ሄደህ፣ የበግ ስብ በዶላር ትገዛለህ!»

«ቅቤ ብሞክርስ ይሆናል?» አለ፣ ይቀልዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እናቴ ተቆጣች። ቅቤ ውስጥ ውኃ አለ፣ አይብ አለ፤ ብረት ላይ ቢቆይ እንደሚያዝግና እንደሚገማ ለማወቅ ጥይት መሙላት አያስፈልግም። «ቅቤ የሰው ነው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ምርመራውን ጀመረች።

«ነፋህበት?»

«ነፋሁ።»

«አልኮሉ እስኪጠፋ ቆየህ ወይስ ወዲያው አስገባህ?»

ዝም።

«ምጣድ ካሰስኩ በኋላ ጢሱ ሳይበርድ ሊጥ ሳፈስ አይተኸኛል? በፊትስ እንደዚያው ነበር የምታደርገው?»

«በፊትማ ብዙ ነበር የምቀባው፤ አንዱም አልተጣበቀም። ግን ቀለሁ ትከሻው ላይ እየተሰረጎደ አስቸገረኝ፤ ለዚያ ነው የቀነስኩት።»

እውነቱን ነው። ሲበዛም ቅጣት አለው። ዘይት ተጭኖ አያንስም፤ በጠባቡ ማስተካከያ ውስጥ መሄጃ ሲያጣ ስሱን ነሐስ ይገፋና ትከሻው ላይ ጉድጓድ ያወጣበታል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ገላውን በስሱ ይቀባሉ፣ ትከሻውን ይተዋሉ፣ አንገቱን ከውስጥ በብሩሽ ነካ ያደርጋሉ፤ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ ይጠርጋሉ። የተረፈ ቅባት ወደ ውስጥ ዘልቆ ባሩዱን ያበላሻል፤ በላዩ ቀርቶ ሲተኮስ ደግሞ ቀለሁ የጠመንጃውን ቤት ግድግዳ መያዝ ሲገባው ይንሸራተትና ግፊቱን ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ መቀርቀሪያው ይልካል።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ብሎኑን አልጠየቀችም፣ የጠርሙሱን ስምም አልጠየቀችም። «ጨርቅህን አሳየኝ» አለችው። ካሜራውን አዞረ፤ ነጭ፣ ከላስቲኩ ገና የወጣ፣ የታጠፈ ፎጣ። «በል ተወው፤ ገና ነህ» አለችው።

በቀለህ ቅባት የተቸገረ የመጀመሪያው ሰው የአክስቴ ልጅ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ነገር አንድ ትልቅ መንግሥት ሊገለበጥ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አጤ ቴዎድሮስ በነገሡ በ2 ዓመቱ፣ ግንቦት 1849፣ በአውሮፓውያን 1857፣ ሕንድን ይገዛ በነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ ሥር ያሉ የሕንድ ወታደሮች ሜሩት ላይ አመፁ። ብዙ በደል ተጠራቅሞ ነበር፤ ክብሪቱን የጫረው ግን የአዲሱ ኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይት ነው። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለና ቅባት የተቀባ ሲሆን፣ ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀድዶ ማጉረስ ነበረበት። ቅባቱ የላምና የአሳማ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። በላሙ ሂንዱው፣ በአሳማው ሙስሊሙ ተቆጣ፤ አንድ ጣሳ ቅባት ሁለቱን አንድ ላይ አስነሣ። አዛዦቹ ዘግይተው «እሺ፣ ቅቤና ሰም ራሳችሁ እያዘጋጃችሁ ቀቡ» አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ነገሩ ከቅባት አልፎ ነበር። ቅባት ሲመረጥ የሚቀባው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚቀባው ሰውም መጠየቅ እንዳለበት ዴራ ውስጥ ማንም ያውቃል። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ሆኖ በሚኖርበት ከተማ ድግስ ሲደገስ ሥጋውና ድስቱ የሚለየው ማንም አዋጅ ሳያወጣ ነው።

ወደ እኛ ከመጣንም ጥይት የተከበረ ዕቃ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የግራ ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ለገበያ መገበያያ ሆኖ አገልግሏል። የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ ኖሮ ጓዳው ተቀምጦ ቀለህ ሲሞላ ቢገኝ፣ የሚከሰሰው በጦር መሣሪያ ሳይሆን ገንዘብ በማተም ነበር ማለት ነው።

ቀለሁን ለአዳኞች እንተውና ጎመን ዘሩ ራሱ ከጓዳ ወጥቶ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ፤ ዴራ ስትሰማው አታምንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብ የእንፋሎት ሞተሮች ቅባት ጠፋ። ተራው ዘይት በእንፋሎትና በፈላ ውኃ እየታጠበ ይሄድባቸዋል። እርጥብ ብረት ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚቀረው የጎመን ዘር ወገን ዘይት ሆኖ ተገኘ፤ ካናዳም ገበሬዎቿን ይህንኑ አዘራች። የኛው ጎመን ዘር የዚያ የአጎት ልጅ ነው፤ ለብረት የሚመቸው ኤሩሲክ አሲድ በሁለቱም ውስጥ በብዛት አለ። ከዚያ ደግሞ ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ካናዳ ኦታዋ ላይ አንድ ትንሽ ጄት ከኛው ጎመን ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ። ጥር 2010 ላይ የካንታስ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ድረስ ሲበር ጎመን ዘሩ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ተጓዘ። ፈረንጆቹ ተክሉን የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ነው የሚሉት። ከተሻሻሉት ዝርያዎች አንዱም በምዕራብ አርሲዋ ዶዶላ ስም «የሎ ዶዶላ» ይባላል። የጦር መርከብ ያገለገለ፣ ፓስፊክን የተሻገረ ቤተሰብ ነው እንግዲህ እናቴ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላ ምድጃ ሥር የምትወሽቀው። ነገርኳት። «አውሮፕላኑ ላይ ማን ጠረገው?» አለች።

ጥያቄዋ ለሰውም ይሠራል። ሰውም ከሰው ሲተሻሽ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ሰላምታው፣ «እንዴት አደራችሁ፣ ከብቱስ፣ ልጆቹስ» የሚለው ሁሉ ለዚያ ነው። ግን ልክ አለው። ልጅ ለመለመን የተላኩ ሽማግሌዎች ውስጥ አንዱ ምስጋና ሲያበዛ አይታችሁ ይሆናል። «ይህ ቤት፣ ይህ ዘር፣ ይህ ስም» እያለ ሲደርብ፣ ሲደርብ፣ የልጅቱ አባት ሊሰጥ ያሰበውን እንደገና ማሰብ ይጀምራል። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ልቡ ጩቤ ባይኖረውም የተረፈው ቅቤ ያስጠረጥረዋል። ጎበዝ ሽማግሌ አንዴ ያመሰግናል፣ ቀጥሎ ነገሩን ይናገራል፣ ከዚያ ውኃ ይጠይቃል።

ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ጩኮ ነው። የተቆላ የገብስ ዱቄት በአርሲ ቅቤ ሲታሽ የበዛ ቅቤ የሚባል ነገር የለም። የሚጠርግም የለም፤ የሚጠርገው ጣት ነው፣ ጣቱም ወደ አፍ ነው የሚሄደው።

በቅርቡ አሰላ ወጥተን አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባን። ሻጩ ወጣት ነው፣ ምላሱ ፈጣን። የማይጣበቅ ምጣድ አውጥቶ በመዳፉ እየደበደበ «እማማ፣ ይኼ ጎመን ዘር የለ፣ ጨው የለ፣ ማሰሻ የለ! እንጀራው ራሱ ተነሥቶ ይመጣል» አላት። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ዳሰሰችው። ከልቧ አደነቀችው፤ ለስላሳ ነው።

«ቢጫርስ?»

«እንዳይጫር ብረት አያስነኩትም፣ እማማ። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ አይደል የሚባለው?»

«እሺ፣ አይጧ አለፈች። ከዕለታት አንድ ቀን ተጫረ እንበል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ... አዲስ ይገዛሉ። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው።»

እናቴ ቀና አለች። «የኔ ጌታ፣ የእኔ ምጣድ ሲቀየመኝ አስሰዋለሁ፣ ይታረቀኛል። ይኼ ከተቀየመ ሽማግሌ የለውም።» ልጁ ሳቀና ዋጋ ቀነሰላት። አመሰገነችው፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ጎመን ዘር የሚሸጥበትን ጠየቀችው።